ከራስ በላይ ዝናብ

አበሻ «የእኔ» ለሚለው ነገር ይሞታል፤ «የአንተ» በሚለው ነገር ይቀናል፤ «የጋራ» ለሚባል ነገር ግን… ስብሰባ ይጠራል! ስብሰባው ላይም አይመጣም።

እናንተዬ፣ ሰው ለማማት ብዬ አይደለም። ጎንደር ውስጥ ኮንዶሚኒየም ላይ የምኖር ሴት ነኝ፤ የምናገረውን አውቃለሁ። ዕጣ የወጣልኝ ቀን እልልታዬ ከፒያሳ እስከ አዘዞ ተሰምቷል ብል ውሸቱ ትንሽ ነው። «ስንተኛ ፎቅ ደረሰሽ?» ሲሉኝ «አራተኛ! የመጨረሻው!» ስል ኩራቴን ማየት ነበረባችሁ። ከእኔ በላይ ማን አለ? ማንም! በረንዳዬ ላይ ቆሜ ቁልቁል ስመለከት የሰው ሁሉ አናት ይታየኛል። ከእኔ በላይ ያለው እግዚአብሔር ብቻ ነው እያልኩ ስኩራራ ከረምኩ።

በእኔና በእግዚአብሔር መካከል አንድ ቆርቆሮ እንዳለ የተረዳሁት ክረምት ሲገባ ነው።

ያ ከኮሶዬ ተራራ በኩል ቁልቁል የሚመጣ ነፋስ አለ አይደል? ሳያንኳኳ የሚገባው! እሱ ነው የበልግ ሰሞን መጥቶ ከጣሪያችን አንዱን ቆርቆሮ ሚስማሩን ነቅሎ ገለጥ ያደረገው። ገለጥ! እንደ መጽሐፍ ገጽ። ሰኔ ሲገባ ዝናቡ ማንበብ ጀመረ።

መጀመሪያ የሳሎናችን ኮርኒስ ላይ ሻይ የተደፋበት የሚመስል ክብ ነገር ታየ። ባለቤቴ ጌታነህ የፊዚክስ መምህር ነው። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ቀና ብሎ፣ ለረጅም ጊዜ ተመለከተና «ውሃ ነው» አለ። የተማረ ሰው የማግባት ጥቅሙ ይሄ ነው! እኔማ ወተት ነው ብዬ ልሳሳት ነበር።

አሁን አንድ ነገር ላስረዳችሁ። የእኛ ሕንፃ ነዋሪ በየወሩ የሚያዋጣው ገንዘብ አለ። ሁለት ኪሎ ሽንኩርት አይገዛም። እሱም የጥበቃውን ደመወዝና የደረጃውን አምፖል ከሸፈነ በኋላ ያልቃል፤ አንዳንዴም ሳይሸፍን ያልቃል። ጣሪያ ሲያረጅ፣ ቱቦ ሲፈነዳ፣ የፍሳሽ ጉድጓድ ሲሞላ በምን ይሠራል? እንጃ! እኛ ሕንፃ ማለት እንደ ዋርካ ቅጠሉን እያራገፈና እያቆጠቆጠ ራሱን የሚያድስ ፍጥረት ይመስለናል። እኔም ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው ብዬ ኮሚቴው ዘንድ ሄድኩ።

«በየወሩ ትንሽ ትንሽ ጨምረን፣ ለጥገና ብቻ የሚቀመጥ ገንዘብ እናጠራቅም» አልኳቸው።

ኮሚቴው ሐሳቤን በደስታ ተቀበለው። በጣም ከመደሰቱ የተነሳም… እኔኑ ኮሚቴ አደረገኝ! በእኛ አገር ሐሳብ ያቀረበ ሰው የሚቀጣው እንዲህ ነው።

ስብሰባው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግቢያችን ውስጥ ተጠራ። የመጣው ሰው አንድ አግዳሚ ወንበር ሞልቶ ሁለተኛውን ጀመር ቢያደርገው ነው። ከመጡት ውስጥ ዋነኛው ደመላሽ ነበር። ደመላሽ ምድር ቤት ሱቅ ያለው ጎረቤታችን ነው። የሕንፃ ዕቃ ይሸጣል፤ ሲሚንቶ፣ ሚስማር፣ ቀለም፣ እና… ቆርቆሮ። አዎ፣ ቆርቆሮ! እግዜር መሳቅ ሲያምረው የሚያየው ግቢ ቢኖር የእኛ ነው። ሐሳቤን አስረድቼ እንደጨረስኩ ደመላሽ ከመቀመጫው ተነሣ።

«ልጠይቅሽ እንጂ፣ ጣሪያው የማነው?»

«የሁላችን ነዋ!»

«እኔ ሱቄ ውስጥ ቆሜ ቀና ስል ምንድን ነው የሚታየኝ?»

«የአንደኛ ፎቅ ወለል።»

«በቃ! የእኔ ጣሪያ እሱ ነው። ኮንክሪት ነው፤ አያፈስም። አንቺ ላይ ካፈሰሰ ጣሪያው የአንቺ ነው። ከራስ በላይ ነፋስ ሲባል አልሰማሽም?»

«የእኔማ ከራስ በላይ ዝናብ ሆኖብኝ ነው እንጂ!» አልኩት።

ሰው ሳቀ። እኔም ያሸነፍኩ መስሎኝ ተቀመጥኩ። ማሳቅና ማሳመን የአንድ እናት ልጆች እንዳልሆኑ ዘንግቼ!

ከዚያማ የሰበቡ በር ተከፈተ። አንደኛ ፎቅ የምትኖረው ጎረቤቴ «እንግዲያው እኔ ደረጃውን እምብዛም አልወጣበትም፤ የአምፖሉም ይቀነስልኝ» አለች። አንዱ «የሠራው መንግሥት ነው፤ መንግሥት ይጠግን» አለ። ቤቱን አከራይቶ ሌላ ሰፈር የሚኖር አንድ ሰውዬ «የሚኖርበት ተከራዩ ነው፤ እሱ ይክፈል» ሲል፣ ተከራዩ ከኋላው ብቅ ብሎ «እኔ እንግዳ ነኝ» አለ። እንግዳ! ሁለት ልጅ የወለደው እዚሁ ነው። አራተኛ ፎቅ ያለነው ብቻ አንድ ልብ ሆነን ቆምን። እኛም ብንሆን የፍሳሽ ጉድጓዱ ነገር ሲነሳ «እሱ እንኳ የታች ቤቶቹ ነው» ማለታችን አልቀረም።

ግን በመጨረሻ ተስማማን! ምን ያልሆንን ሰዎች ነን? በሙሉ ድምፅ ገንዘብ ለማዋጣት ወሰንን… የሕንፃውን የፊት ግድግዳ ቢጫ ቀለም ለመቀባት! ያውም በአስፋልቱ በኩል ያለውን ብቻ። መንገደኛ ያየዋላ። ጣሪያን ማን ያያል? አሞራ! ቂጥ ገልቦ ክንብንብ ማለት ትርጉሙ የገባኝ ያን ዕለት ነው። በሰኔ አጋማሽ ቀባነው፤ ሰኔ ሳይወጣ ዝናቡ ግማሹን አጥቦ ወሰደው። ቀለሙን ማን ሸጠልን አትሉኝም? ኧረ ተዉኝ!

በዚህ መሐል ነው ቤታችን ሽማግሌ ሊመጣ የሆነው።

የመጀመሪያ ልጄ ማስተዋል ነርስ ናት። ይበልጣል የሚባል የማክሰኝት ልጅ ወደዳት፤ ወደደችውም። እነሱ የደበቁኝ እየመሰላቸው፣ እኔም ያላወቅሁ እየመሰልኩ ብዙ ከቆየን በኋላ አንድ ቀን «እማዬ፣ ሽማግሌ ሊልክ ነው» አለችኝ። የልጁ ወገኖች ወግ አጥባቂ ናቸው። ሽማግሌዎቹን የሚመሩት አጎቱ አያ ወርቁ ነበሩ። ማክሰኝት ገበያ ላይ የከብት ሻጭና ገዢ ሲያስማሙ የኖሩ፣ በእሳቸው ሽምግልና ያልታረቀ ባልና ሚስት የለም የሚባልላቸው ሰው ናቸው። ቀኑም የሐዋርያት ጾም ከተፈታ በኋላ በዋለው እሑድ ሆነ። ሐምሌ! ሐምሌን ጎንደር ላይ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰማዩ የተቀደደ ጆንያ ነው።

«ጌታነህ» አልኩት፣ «በየሶፋው መሀል ባልዲ ደርድሬ ነው ሽማግሌ የምቀበለው?»

«አታስቢ፤ መፍትሔ አለኝ» አለ።

አንድ የፊዚክስ መምህር «መፍትሔ አለኝ» ካላችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከቤት ውጡ።

መጀመሪያ መሰላል ሊዋስ ደመላሽ ዘንድ ወረደ። ደመላሽ መሰላል አያውስም፤ ያከራያል። ተከራየን። ከዚያ ጌታነህ ኮርኒሱና ቆርቆሮው መሀል ባለው ክፍተት እየተሳበ ገባና ሰፊ ላስቲክ ዘርግቶ አራቱን ጫፍ ከእንጨቶቹ ጋር አሰረው። ጭንቅላቱ ላይ የሸረሪት ድር ተጠምጥሞበት፣ ድል እንዳደረገ ጀግና ወረደ።

«ውሃው ከቆርቆሮው ሲወርድ ላስቲኩ ይይዘዋል። ኮርኒሱ ደረቅ ይሆናል ማለት ነው።»

«ከያዘው በኋላስ የት ይሄዳል?»

«እ?» አለ።

ግን ሠራ! ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ ውሎ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ባሌን አቀፍኩት፤ ለደቂቃዎች ያህል ሳይንስንም አከበርኩ። ባልዲዎቼን ሰብስቤ ከተትኩ። ማታ ላይ ኮርኒሱ መሀሉ ትንሽ አበጥ ያለ መስሎኝ ነበር… ደስታ ግን ዓይን ያሳውራል።

እሑድ ከሰዓት አያ ወርቁ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ጭራቸውን ይዘው፣ ግርማ ሞገሳቸው ቤት የሚያህል ሰው! አራት ፎቅ በእግራቸው ወጥተው በሩ ላይ ቆም ብለው ትንፋሽ ሰበሰቡ።

«ከማኪና ከወረድን ጀምሮ ሽቅብ ነን» አሉ። «ምነው እንዲህ ርቃችሁ ሰፈራችሁ? እህሉንስ በምን ታወጡታላችሁ? በአህያ?»

«በእኛው ጀርባ ነው አያ ወርቁ። ይግቡ፤ ይቀመጡ።»

«የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም!»

ወጉ ነው። ሦስቱም ሳሎኑ መሀል ቆሙ። አያ ወርቁ የቆሙበትን ቦታ ግን ልብ አልኩ። ቀና ብዬ አየሁ። ኮርኒሱ በአንድ ሌሊት ወሯ እንደገባ ሴት ሆዱ ገፍቷል። አያ ወርቁ ከሆዱ ሥር፣ ልክ ከእምብርቱ በታች ናቸው! ውጭ ደግሞ ዝናቡ «ልጀምር?» ሳይል ጀመረ።

«እንግዲህ…» አሉ አያ ወርቁ ጭራቸውን ከግራ ወደ ቀኝ አዙረው፣ «ቤት ያለ ምሰሶ እንደማይቆም…»

ጠብ! ግንባራቸው ላይ። በጭራቸው ጠረጉት።

«…ቤት ያለ ምሰሶ እንደማይቆም፣ ሰውም ያለ ትዳር…»

ጠብ! አፍንጫቸው ላይ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ሽማግሌ ንግግር ላይ እያለ አቋርጦ መናገር ነውር ነው። ዝም ብሎ ማየት ደግሞ ኃጢአት ነው። እንደምንም ድምፄን አለዝቤ፣

«አያ ወርቁ፣ እባክዎ ትንሽ ወደ ግራ ጠጋ ቢሉልኝ…» አልኩ።

«ምነው? ከቆምንበት አንነቃነቅም!» አሉ። «ልጅቱን ሳትሰጡን ከዚች ቦታ ንቅንቅ አንልም!»

«ሸጋ ብለሃል!» አሉ ሁለቱ ሽማግሌዎች ከኋላቸው።

ጌታነህን በዓይኔ ጠቀስኩት። እሱ ግን ከመስታወት ፊት ሲለማመደው የከረመውን መልስ ሊመልስ ጉሮሮውን እየጠረገ ነበር።

«ጥያቄያችሁን በአክብሮት ሰምተናል» ብሎ ጀመረ። «እንደምታውቁት ወገን አለን፤ ዘመድ አለን። እንመካከርበት ዘንድ ቀን ስጡንና…»

ቀን? የቱን ቀን! ከላይ ላስቲኩ ሲንጣጣ ይሰማኛል።

«ሰጥተናል!» ብዬ ጮህኩ።

የአያ ወርቁ ጭራ አየር ላይ ቀረች።

«ምን አልሽ?» አለኝ ጌታነህ።

«ሰጥተናል! ወስደዋታል! ብቻ ከዚያ ይነሱ!»

ከጓዳ «እማዬ!» የሚል የማስተዋል ድምፅ ሰማሁ። እውነቷን ነው። ሌላዋ እናት ተለምና፣ ተግደርድራ፣ አኩርፋ፣ እንደገና ተለምና የምትሰጠውን ልጅ እኔ በአንድ ትንፋሽ፣ ያውም እየጮህኩ፣ ቦታ እንዳጣበበ አሮጌ ዕቃ «ውሰዱልኝ» አልኩ! ግን ምን ላድርግ? የልጄ ክብርና የአያ ወርቁ አናት ሚዛን ላይ ወጡ፤ አናታቸው ደፋ።

አያ ወርቁ ደግሞ ነገሩ አልጣማቸውም። የከብት ገበያ ሰው ናቸው፤ የሚቸኩል ሻጭ ሲያዩ ያውቃሉ። ዓይናቸውን አጥብበው አዩኝ።

«ቆይ እስቲ…» አሉ። «ልጅቱ ጤነኛ ናት?»

ልመልስ አፌን ስከፍት ኮርኒሱም አፉን ከፈተ።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ… ዝናብ አልነበረም፤ ግድብ ነው የተለቀቀው! የዛገ ውሃ፣ የኮርኒስ ቁራጭ፣ አቧራ፣ የርግብ ላባ፣ አንድ የሞተ… እሱ ይቅር። አያ ወርቁ ከነጋቢያቸው ጠፉ። ውሃው አልፎ ሲሄድ እዚያው ቦታ ቆመው ተገኙ። አልተነቃነቁም! ቃላቸውን የሚጠብቁ ሰው እንደሆኑ ቢነገረኝም ይህን ያህል አልጠበቅሁም። ጌታነህ ቀና ብሎ የተከፈተውን ቀዳዳ ለረጅም ጊዜ ተመለከተና፣

«ላስቲኩ ነው» አለ።

ልገድለው ነበር። ግን በሽማግሌ ፊት ነውር ነው።

ማስተዋል ፎጣ ይዛ ከጓዳ ሮጣ ወጣች። አያ ወርቁን እጃቸውን ይዛ ከውሃው አወጣቻቸውና አናታቸውን እያደረቀች፣ «እማዬ የጮኸችው ለእርስዎ ፈርታ ነው አያ ወርቁ። እኔማ ጤነኛ ነኝ። እንዲያውም የሰው ጤና ነው የምጠብቀው» አለቻቸው። አያ ወርቁ እሷን አዩ፤ ቀዳዳውን አዩ፤ እኔን አዩ። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ። ሳቃቸው ወደ ሳል፣ ሳላቸው ወደ ሳቅ እየተመላለሰ ትንፋሽ አጠራቸው።

«አይ ሸጋ ልጅ!» አሉ። «ሸጋ ልጅ… ቤቱ ነው እንጂ ታማሚው!»

ጋቢያቸው ተጨምቆ ተሰጣ። የሚበቃቸው ደረቅ ልብስ ስናጣ የጌታነህን ሰማያዊ ቱታ አለበስናቸው። የማክሰኝቱ ታላቅ አስታራቂ፣ ደረቱ ላይ የመምህራን እግር ኳስ ቡድን ስም የተጻፈበት ቱታ ለብሰው ሶፋ ላይ ሰፈሩ። ቢያንስ ተቀመጡ! እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። መሬት ደግሞ አራት ፎቅ ወደ ታች ናት።

«ልጅቱን ወስደናል» አሉ አያ ወርቁ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ። «አንዴ ሰጥታችኋል፤ ቃል ቃል ነው። የሠርጉን ቀን ግን ይህ ቤት ጣሪያ ሳይኖረው አንቆርጥም። የእኛ ወገን ብዙ ነው። ለዚያ ሁሉ ሰው ቱታ ከየት ታመጣላችሁ?»

ሳቁ። እኛም ሳቅን። ልቤ ግን አልሳቀም። ማስተዋልም ፎጣውን እንደያዘች ፊቷ ጠቆረ። የልጄ ሠርግ እንግዲህ የተንጠለጠለው በአንድ ቆርቆሮ ላይ ነው። ቆርቆሮው ደግሞ በደመላሽ ቸርነት ላይ! አልቅሱልኝ።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ከላይ የወረደው ውሃ፣ ገና እየወረደ ካለው ዝናብ ጋር ተደምሮ፣ ከበራችን ወጥቶ ደረጃውን ይዞ ወደ ታች መንገድ ጀመረ። ደረጃው ሥር የጋራ ቦታ አለን። ደመላሽ ሲሚንቶውን የሚከምረው እዚያ ነው። «ምነው ቦታውን ያዝከው?» ስንለው «የጋራ አይደል እንዴ!» ይለናል። አያችሁልኝ? ሲጠቀሙበት የጋራ፣ ሲከፈልበት የእኔ! ውሃው የሚሄድበትን ያውቅ ነበር ብዬ አልምልም፤ ግን ቀጥ ብሎ ሄዶ ሲሚንቶው ላይ ተኛ።

«ወይኔ! ወይኔ! ጉድ ሆንኩ!»

የደመላሽ ጩኸት በደረጃው ግድግዳ እየተላተመ ሲወጣ በጎንደር አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው፤ ሰው ሞቷል! በሩ ሁሉ ተከፈተ። ሰው ነጠላውን እያነሳ ወደ ደረጃው ወጣ። ከሁሉ ቀድመው በራችን ላይ የደረሱት ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩት የእድራችን ዳኛ እትዬ ትርንጎ ነበሩ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን ለመምታት እጃቸውን አዘጋጅተው፣

«ማን ነው? ማን ነው የተለየን?» አሉ።

«ማንም አልሞተም እትዬ ትርንጎ» አልኩ ከበሬ ላይ። «ጣሪያው ነው የወረደው።»

«ሲሚንቶዬ ነው የሞተው!» አለ ደመላሽ እያለከለከ ሲደርስ። «ድንጋይ ሆነ! ካሳ እፈልጋለሁ! የአንቺ ጣሪያ ነው የጨረሰኝ!»

በዚህ ጊዜ አያ ወርቁ በቱታቸው ከኋላዬ ብቅ አሉ። ደመላሽ ከላይ እስከ ታች አያቸው።

«እኚህ ደግሞ አሰልጣኝ ናቸው?»

«ሽማግሌ ነኝ» አሉ አያ ወርቁ ቆጣ ብለው። «አንተስ?»

«የሲሚንቶው ባለቤት ነኝ!»

«ሲሚንቶህ የተቀመጠበት ቦታ የማነው?»

«የጋራ…» አለና ደመላሽ ቃሉን ሊመልሳት ሞከረ። አልተመለሰችም።

እትዬ ትርንጎ ግን ክርክሩን አልሰሙም። ደረጃውን ነበር የሚያዩት። ከአራተኛ ፎቅ እስከ ምድር ቤት ሰው ጢም ብሏል! ለስብሰባ ሲጠራ አግዳሚ ወንበር ያልሞላ ነዋሪ፣ ለቅሶ መስሎት አንድ ሳይቀር ወጥቷል። ያ ሌላ ሰፈር የሚኖረው አከራይ እንኳ በስልክ ተነግሮት በባጃጅ እየመጣ ነበር። እትዬ ትርንጎ የተዘቀዘቀ ነጠላቸውን ቀስ ብለው አስተካከሉ።

«አንተ ደመላሽ» አሉ፣ «የእድር ገንዘብ አጓድለህ ታውቃለህ?»

«እኔ? አንድም ቀን!»

«ምነው?»

«ምነው ይባላል እንዴ እትዬ ትርንጎ! ሰው ነኝ፤ ብሞትስ?»

«ብትሞት እንቀብርሃለን። እየኖርክ ሳለህ ግን ቤቱ ከነነፍስህ ሊቀብርህ ነው።» ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ እትዬ ትርንጎ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ድምፅ ማጉያ ያፍራል። «ሁላችሁም ስሙ! ከዛሬ ጀምሮ የቤቱን መጠገኛ የምሰበስበው እኔ ነኝ። ከእድሩ ጋር፣ በአንድ ቀን! ለቤቱ ያልከፈለ ለእድሩም እንዳልከፈለ ነው። ድንኳን የለ፣ ወንበር የለ፣ ቀባሪ የለ። ራሱን ይቅበር!»

አንዱ ከታች «ይሄማ ሕግ…» ብሎ ጀመረ። እትዬ ትርንጎ ዘወር ብለው ሲያዩት «…ሸጋ ሕግ ነው» ብሎ ጨረሰው።

እናም ወገኖቼ፣ ተከፈለ! ማስታወቂያ ለጥፌ፣ በየበሩ አንኳኩቼ፣ አስረድቼ፣ ለምኜ፣ አልቅሼ ያልተከፈተልኝ ቦርሳ ሁሉ ተከፈተ። በሕይወት ሳለ ዝናብ እንዳይመታው ለመክፈል እምቢ ያለ ሰው፣ ከሞተ በኋላ የለቀስተኛው ወንበር እንዳይቀር ብሎ ከፈለ። «መንግሥት ይጠግን» ያለው ከፈለ። አከራዩ ከፈለ። እንግዳው ተከራይም ከፈለ፤ እንግዳም ይሞታላ!

የደመላሽን የካሳ ጥያቄ አያ ወርቁ እዚያው ደረጃው ላይ በቱታቸው ሸመገሉት። ደመላሽ ካሳውን ይተዋል፤ ደረጃው ሥር ያለውን ቦታም ይለቃል። እኛ ደግሞ ቆርቆሮውን ከሌላ ሳይሆን ከእሱ እንገዛለን። ደመላሽ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ጠርቶ ማለና «ዋጋ ቀንሼላችኋለሁ» አለ። እውነቱን ነው፤ ቀንሷል። የቀነሰው ግን ልንገዛ በወረድን ቀን ጠዋት የጨመረውን ነው።

ነሐሴ ላይ ዝናቡ ጋብ ባለ ቀን ጣሪያው ተሠራ። መዋጮው ግን አልቆመም፤ እትዬ ትርንጎ ምን ሲሆን ያቆማሉ! እየተጠራቀመ በአሮጌው የውሃ ሮቶ ቦታ አዲስ ተተካ፤ የፍሳሽ ጉድጓዱም ሳይሞላ ተመጠጠ። ሳይሞላ! እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አያለሁ ብዬ አላስብም ነበር።

አያ ወርቁ የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ በመስከረም ተመልሰው መጡ። በሩ ላይ ቆመው ከሰላምታ በፊት ኮርኒሱን አዩ። «የት ልቁም?» ብለው ጠየቁኝ። ጥር ላይ ልጄን በግቢያችን ዳርናት፤ ድንኳኑን የተከልነው ከእድሩ ተውሰን ነው። ደመላሽ ከማንም በላይ ጨፈረ። ቱታውን አያ ወርቁ እስከ ዛሬ አልመለሱም። ገበያ ለብሰውት ይወጣሉ ይባላል።

ያለፈው ሰሞን ነው፤ ማስተዋል ስልክ ደወለች። እሷና ባሏ ሌላ ግቢ ምድር ቤት ገዝተው ገብተዋል።

«እማዬ፣ የኛ ግቢ ኮሚቴ ደግሞ አዋጡ አለን።»

«ለምን?»

«ለውሃ ፓምፕ። ፎቅ ላይ ላሉት ውሃ አልወጣ እያለ ተቸግረዋል።»

«እናንተ ጋ ይመጣል?»

«ምድር ቤት አይደለን? ሁልጊዜ ይመጣል።»

«ታዲያ እናንተን ፓምፕ ምን አገባችሁ?! ውሃ የፈለገ ወርዶ አይቀዳም?»

ጌታነህ ከሚያርመው የፈተና ወረቀት ላይ ቀና ብሎ ለረጅም ጊዜ ተመለከተኝ። ምንም አላለም። እኔ ግን ገባኝ።

ለካ ጣሪያ ሲደርቅ ልብም አብሮ ይደርቃል።